ከሐዋሳ ሐይቅ ደለልና ፕላስቲክ የመልክዓ ምድር ሥዕል እንዴት ይሠራል?

ሥዕሎቼን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። «ጭቃው እንዴት ነው ሳይረግፍ የሚቆየው?» ቀጥሎ ደግሞ «ፌስታሉን በምን አጣበቅሽው?» ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

የምንሠራው 60 በ80 ሳንቲሜትር ሰሌዳ ላይ ነው። የሐዋሳን ሐይቅና ውሃው ወደ ሐይቁ የሚወርድበትን አገር እናሳያለን። ስንስል ከሱቅ የተገዛ ቀለም አንጠቀምም። ኮረብታውን በኮረብታው አፈር፣ ረግረጉን በረግረጉ ጭቃ፣ ዳርቻውን እዚያው በተጣለው ፕላስቲክ እንሠራዋለን። ዋናው ሕግ ይሄ ነው፤ ቀለሙ ከሚያሳየው ቦታ ይምጣ። ይህን ከጣሳችሁ ሥዕሉ ቆሻሻ የተለጠፈበት ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ተመልካቹም አፈሩ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አያይም። አዳማ ያላችሁ ሰዎች አዋሽን ይዛችሁ በዚሁ መንገድ መሥራት ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመሰብሰብ፦
- ወፍራም የላስቲክ ጓንትና ቡትስ ጫማ
- ማስክ
- ትንሽ አካፋ ወይም እጀታው ረጅም የሆነ አሮጌ ጭልፋ
- ክዳን ያላቸው አራት ወይም አምስት የቀለም ጣሳዎች
- ሁለት ማዳበሪያ፣ ለፕላስቲኩ
- ማርከርና ወረቀት

ለቀለሙ፦
- ሦስት ባልዲ
- ወንፊትና የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ
- ሰፊ ትሪ
- ሙቀጫ ከነዘነዘናው
- አሮጌ ድስት
- ማያያዣ፦ የግራር ሙጫ ወይም እንቁላል ወይም ነጩ የእንጨት ኮላ
- ትንሽ ማርና ጥቂት ቅርንፉድ፣ ሙጫ ለምትጠቀሙ ብቻ

ለሰሌዳው፦
- ኮምፖልሳቶ፣ ቢቻል ከ8 ሚሊ ሜትር የማያንስ
- ጀሶ ወይም ነጭ የውሃ ቀለም
- ብርጭቆ ወረቀት፣ ብሩሾች
- ወስፌ፣ ሲባጎ፣ መቀስ፣ ቀጭን መሰርሰሪያ

ማሳሰቢያ፦ ሙቀጫው፣ ወንፊቱ፣ ድስቱና ትሪው አንዴ ለዚህ ሥራ ከዋሉ ወደ ኩሽና አይመለሱም። ታጥበውም ቢሆን። ላያቸው ላይ ጻፉባቸው፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ በርበሬ እንዳይወቅጥባቸው።

1. ቦታውን ከላይ ወደ ታች ተከተሉት

ከሐይቁ አትጀምሩ። ከላይ ጀምሩ። መጀመሪያ በወንዶ ገነት በኩል ያለውን ቀይ አፈር እዩ፤ ዛፍ የሌለበት ቁልቁለት በክረምት ዝናብ እንዴት እንደሚሸረሸር ትመለከታላችሁ። ከዚያ ወደ ጨለለቃ ውረዱ። ጨለለቃ በአንድ ወቅት ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። ከረግረጉ የሚወጣው ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ የሐይቁን ዳር ግድብ ይዛችሁ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መዝናኛና ወደ ዓሣ ገበያው ወደ አሞራ ገደል ሂዱ። ጊዜ ካላችሁ ታቦር ተራራ ላይ ውጡ፤ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ የሚታዩት ከዚያ ነው።

ይህን ሁሉ መዞር ለምን አስፈለገ? ከሐዋሳ ሐይቅ በገፀ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ በብዛት በትነት ይሄዳል፤ ደለሉና ፕላስቲኩ ግን ይቀራሉ። ስለዚህ የሥዕላችሁ አቀማመጥ ከዚህ ይነሳል፦ ላይ ኮረብታ፣ መሃል ረግረግና ወንዝ፣ ታች ሐይቅ። የታችኛውን ጠርዝ ዝጉት። ውሃው ከሥዕሉ የሚወጣበት መንገድ አትሳሉለት።

በየቦታው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፎቶው በኋላ ለቀለም ማነጻጸሪያ ይጠቅማችኋል፤ ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

2. አፈሩንና ጭቃውን ሰብስቡ

ከእያንዳንዱ ቦታ ግማሽ ጣሳ ይበቃል። ሁለት ሊትር እርጥብ ጭቃ ታጥቦ ሲያልቅ ለዚህ ሰሌዳ ከሚያስፈልገው በላይ ቀለም ይሰጣል። ገና ከቦታው ሳትነሱ ጣሳው ላይ የቦታውን ስምና ወሩን ጻፉ። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ሦስቱም ጭቃ አንድ ይመስላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እባካችሁ አትዝለሉት።

ባዶ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትግቡ። ሐይቁ ዳር ባሉ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ቢልሃርዚያ ይተላለፋል፤ ጥገኛ ተውሳኩ ቁስል ባይኖርም በቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቡትስና ጓንት አድርጋችሁ፣ ከዳር ቆማችሁ፣ በጭልፋ ቅዱ።

ሲመሽና ገና ሳይነጋ አትሂዱ። ጉማሬ ለግጦሽ ከውሃ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። የት የት እንደሚወጡ ዓሣ አጥማጆቹ ያውቃሉ። ጠይቋቸው፤ ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ከፋብሪካ፣ ከሆስፒታል፣ ከጋራዥ፣ ከመኪና ማጠቢያና ከሽንት ቤት ፍሳሽ መውጫ አጠገብ ጭቃ አትውሰዱ። «ብክለቱን ለማሳየት አይደል የምንሠራው? ታዲያ የተበከለውን ጭቃ ለምን አንወስድም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ሠዓሊው ጆን ሳብራውና መሐንዲሱ ጋይ ሪፍለር ከተተዉ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች ከሚፈሰው ውሃ ብረቱን ለይተው ቀለም ያደርጉታል። እነሱ ግን ከዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ጋር ነው የሚሠሩት፤ ከውሃው የሚያወጡት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እኛ ቤት ውስጥ በባልዲ የምናጥብ ሰዎች እርሳስ ወይም ክሮሚየም ይኑርበት አይኑርበት የምናይበት መንገድ የለንም። ማፍላት ደግሞ ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስን አያጠፋም።

ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ አረፋም ተዉት። አንዳንዱ አልጌ መርዝ ያመነጫል፤ ቆዳንም ያሳክካል። ደግሞም አረንጓዴው ብርሃን ላይ ቶሎ ይለቃል፤ የደከማችሁበት ቀለም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይነጣል።

3. ፕላስቲኩን ልቀሙ

ፕላስቲክ በብዛት የሚገኘው ዝናብ ዘንቦ የከተማው ቦይ ከጠራረገው በኋላ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ፌስታል፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የተጣለ የናይለን መረብ ውሰዱ። መረብ ስታገኙ ግን የተጣለ መሆኑን አረጋግጡ። አሞራ ገደል አካባቢ ዳር ላይ የተዘረጋ መረብ ሁሉ የተጣለ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው።

ስትጨብጡት የሚፈረካከስ ፕላስቲክ ለሥዕል አይሆንም። ፀሐይ አድርቃዋለች፤ ሰሌዳው ላይም መርገፉን አያቆምም። ቢሆንም እዚያው አትተዉት፤ ለብቻው ሰብስባችሁ ቆሻሻ መጣያ አድርሱት። መርፌ፣ የተሰበረ ጠርሙስና የመድኃኒት ዕቃ በእጃችሁ አታንሱ።

ቤት ስትደርሱ በላርጎና በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት አጥባችሁ ጥላ ላይ አስጡት። ቅባት የቀረበት ፕላስቲክ ይሸታል፣ ጉንዳንም ይጠራል።

4. ጭቃውን እጠቡ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ጥሩ ቀለምና የሚረግፍ ጭቃ የሚለዩት በዚህ ደረጃ ነውና ጊዜ ስጡት። ውጭ፣ አየር ባለበት ቦታ ሥሩ።

ሀ. ጭቃውን ባልዲ ውስጥ ጨምሩና አምስት እጥፍ ንጹህ ውሃ አፍስሱበት። በዱላ በደንብ አማስሉ። ሥር፣ ቅጠልና ገለባ ይንሳፈፋል፤ በወንፊት ግፈፉት። የተክል ቅሪት ከቀረበት፣ በኋላ ይሻግታል።

ለ. ማማሰሉን አቁማችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። አሸዋው ይዘቅጣል። ሳይረጋ የቀረውን ድፍርስ ውሃ በነጠላ እያጠለላችሁ ወደ ሁለተኛው ባልዲ ገልብጡ። ቀለማችሁ ድፍርሱ ውሃ ውስጥ ነው። አሸዋው ብሩሽ ይበላል፣ ሰሌዳም ላይ አይዝም።

ሐ. ክዳን አድርጋችሁ ሁለት ቀን አስቀምጡት። ደቃቁ ጭቃ ታች ይረጋል። ሁለት ቀን ያልኩት ሌላም ጥቅም ስላለው ነው፤ በቆዳ የሚገባው የቢልሃርዚያ ተውሳክ ቀንድ አውጣ በሌለበት ውሃ ውስጥ ከዚያ በላይ አይቆይም። እስከዚያ ድረስ ጓንታችሁን አታውልቁ።

መ. ላይ የጠራውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉ፣ አዲስ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ እንደገና ይርጋ። ይህን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ደጋግሙ። የሐይቁ ውሃ ጨው አለበት። ጨው ጭቃው ውስጥ ከቀረ ሥዕሉ ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይወጣል።

ሠ. የመጨረሻውን ወፍራም ጭቃ በአሮጌው ድስት ውጭ ሃያ ደቂቃ አፍሉት፤ ከዚያ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

አሁን የፎቶው ጉዳይ። ከውሃ ሥር ያወጣችሁት ጥቁር ጭቃ ሲደርቅ ጥቁር ሆኖ አይቀርም። ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል። ያጠፋችሁት ነገር የለም። አየር በማያገኝ ጭቃ ውስጥ ብረትና ድኝ ተዋህደው ያጠቁሩታል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታም ከዚያው ከድኙ ነው። አየር ሲያገኝ ይለወጣል። ፎቶ ካላነሳችሁ ረግረጉ ምን ያህል ጥቁር እንደነበር ትረሳላችሁ። ጥቁሩን ለመመለስ የተፈጨ ከሰል ቀላቅሉበት።

የኮረብታው አፈር ብዙ ማጠብ አይፈልግም፤ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ቢጫ አፈር ካገኛችሁ ደግሞ አሮጌ የብረት ምጣድ ላይ እያማሰላችሁ ቁሉት፤ እየቀላ ይሄዳል። ከአንድ አፈር ሁለት ቀለም አገኛችሁ ማለት ነው። ይህን በኮረብታ አፈር ብቻ አድርጉ፤ የሐይቅ ጭቃ በደረቁ አይቆላም፣ ጭሱ አይታወቅም።

5. ፍጩት፣ ግን እርጥብ አድርጋችሁ

የደረቀውን ሙቀጫ ውስጥ ጨምሩና ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ውቀጡ። በደረቁ አትውቀጡ። ከዓይን የሚሰወር ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ በሐዋሳ ዙሪያ ያለው ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አፈር ደግሞ ብናኙ በተለይ ክፉ ነው። ማስክ ቢኖራችሁም እርጥብ ይሁን። በጣታችሁ ስታሹት ሻካራ ካልሆነ ደርሷል።

6. ማያያዣ ጨምሩ

«ጭቃው ለምን አይረግፍም?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይሄ ነው። ውሃና አፈር ብቻ ከሆነ ይረግፋል። አፈሩን እርስ በእርሱና ከሰሌዳው ጋር የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል።

የግራር ሙጫ፦ አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ የሞቀ ውሃ ዘፍዝፉ። ሲያድር ይሟሟል። በነጠላ አጥልሉት። በአንድ ሲኒ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ጨምሩ፤ ማሩ ሙጫው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያለሰልሰዋል። ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ጣል አድርጉበት፤ ሻጋታ ይከላከላል። ገበያ ላይ ዕጣን ሙጫ ነው ብለው ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ዕጣን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ጓጉሎ ይቀራል።

እንቁላል፦ አስኳሉን ከነጩ ለዩ፣ ሽፋኑን ወጋ አድርጋችሁ ፈሳሹን ብቻ ውሰዱ፣ በእኩል መጠን ውሃ ቀላቅሉት። ከደረቀና ከሰነበተ በኋላ ውሃ በቀላሉ አያስለቅቀውም። የዛሬው ለነገ አይሆንም፤ በየቀኑ አዲስ እንቁላል ስበሩ።

ነጭ የእንጨት ኮላ፦ አንድ እጅ ኮላ፣ ሁለት እጅ ውሃ። ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው። ቀለሙን ግን ትንሽ የላስቲክ ያስመስለዋል።

እኔ ለኮምፖልሳቶ እንቁላል እመርጣለሁ፤ አፈሩ አፈር መስሎ የሚቀረው በእንቁላል ነው። ወረቀት ላይ ለሚሠራ ሙጫ ይሻላል። ጨርቅ ላይ ለሚሠራ ኮላ፣ ምክንያቱም ጨርቅ ስለሚተጣጠፍ ሌሎቹ ይሰነጠቃሉ።

የተፈጨውን ጭቃና ማያያዣውን በእኩል መጠን ቀላቅሉ። የእርጎ ውፍረት ይኑረው። ሰሌዳው ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ካርቶን ላይ ሞክሩ። ሲደርቅ በጣታችሁ እሹት። ጣታችሁ ላይ ብናኝ ከቀረ ማያያዣ ጨምሩ። የሚያብረቀርቅና የሚሰነጠቅ ከሆነ ማያያዣው በዝቷል፤ ጭቃ ጨምሩ። ይህን ሙከራ ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ አድርጉ፤ ቀይ አፈሩና የሐይቁ ጭቃ አንድ ዓይነት መጠን አይፈልጉም።

7. ሰሌዳውን አዘጋጁ

አቋራጩ፦ ኮምፖልሳቶውን በብርጭቆ ወረቀት አሹና ሁለት ጊዜ ስስ ነጭ የውሃ ቀለም ቀቡ። ለጀማሪ ይበቃል።

የተሻለው፦ ጀሶ። ጀሶ በደረቁ ከኮላ ጋር አይደባለቅም፤ እጃችሁ ላይ ይደርቃል። አንድ እጅ ጀሶ በአሥር እጅ ውሃ ውስጥ እየነሰነሳችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጡ አማስሉ፣ ከዚያ አሳድሩት። ጠዋት ላዩን ውሃ ድፉ። ታች የቀረው ለስላሳ ሊጥ ከዚህ በኋላ አይጠነክርም። በቀጠነ ኮላ ለውሱትና አራት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በየመሃሉ ይድረቅ። እንዲህ ያለ ገጽ ውሃውን ስለሚመጥ የጭቃው ቀለም ይዞ ይቀራል። የሰሌዳውን ጀርባም ቀቡ፣ አለዚያ ይቆለመማል።

8. ሳሉ

በከሰል በስሱ ንድፉ። ከላይ ወደ ታች ቀቡ፤ ውሃው እንደሚወርደው። ስስ አድርጋችሁ ደራርቡ፣ በአንድ ጊዜ አታወፍሩ፤ ወፍራም ጭቃ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል።

ቀዩን አፈር ኮረብታው ላይ ብቻ አታስቀሩት። እያቀጠናችሁ ወደ ረግረጉ፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ አውርዱት። ተመልካቹ ኮረብታው ላይ ያየውን ቀይ ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ሲያገኘው ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰማያዊ የለንም። ሰማዩን ነጩን ሰሌዳ ተዉለት፣ ወይም የከሰል ውሃ በጣም አቅጥናችሁ አንዴ አልፉበት። ሰማያዊ ቀለም ገዝታችሁ እንዳትጨምሩበት እለምናችኋለሁ፤ ሌላውን ቀለም ሁሉ ያደበዝዘዋል። አረንጓዴ ስትፈልጉ ከሰበሰባችሁት አረንጓዴ ጠርሙስ ቁረጡ።

9. ፕላስቲኩን ስፉበት

በኮላ አይያዝም። ፌስታልና የጠርሙስ ፕላስቲክ ኮላ አይቀበሉም፤ ሰሞኑን የያዘ ቢመስልም ይነሳል። በእሳት፣ በሻማ ወይም በካውያ አቅልጦ ማጣበቅም የለም። አንዳንዱ ፕላስቲክ ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ የትኛው እንደሆነ በዓይን ለይታችሁ አታውቁትም።

ስለዚህ መስፋት ነው። ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ ኮምፖልሳቶውን በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፣ በወስፌና በሲባጎ ከጀርባ እያሰራችሁ ስፉ። ትንንሽና ብዙ አድርጋችሁ ቁረጡ። የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ካያችሁ ይገባችኋል፤ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ቁርጥራጭ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ሲደረደር ከሩቅ መልክዓ ምድር ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉ ግን ያው ሽቦው ነው። አንድ ሙሉ ጠርሙስ መሃል ላይ ብትሰቅሉ ዓይን እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ፕላስቲኩ የሚቀመጠው ባገኛችሁበት ቦታ ነው፤ ማለትም ዳርቻው ላይና ቦዩ አፍ ላይ። ኮረብታው ላይ ካላገኛችሁ ኮረብታው ላይ አትስፉ።

10. ሸፍኑ፣ ጻፉ፣ ስቀሉ

በሙጫ የተሠራ ሥዕል መስታወት ያስፈልገዋል፤ አንድ ጠብታ ውሃ ያበላሸዋል። የእንቁላሉን ጥቂት ወራት ጠብቃችሁ ስስ ቫርኒሽ ቀቡት። ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ምረጡ፤ ፕላስቲኩን ትሰባብረዋለች።

ከሥሩ የእያንዳንዱን ቀለም ቦታና ወር ጻፉ። «ቀይ አፈር፣ ወንዶ ገነት በኩል፣ ኅዳር» በቂ ነው። ሳታስመረምሩ «በኬሚካል የተበከለ» ብላችሁ አትጻፉ፣ የማንንም ስም አትጥሩ። ያያችሁትንና የለቀማችሁትን ብቻ ጻፉ። አንድ ያልተረጋገጠ ቃል ከተገኘ ሰው ሙሉ ሥራውን ይጥለዋል።

ሐይቁ ዳር ለማሳየት ከፈለጋችሁ ቀን አውጥታችሁ ማታ አስገቡት። ንፋስ የነቀለው ፌስታል ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል።

የተለመዱ ስህተቶች

- ቀለሙ በሰፊው ተላጠ። ሰሌዳው ሳይታሽ ወይም ቅባት ሳይጸዳለት ተቀብቷል። ተልጦ አያልቅም፤ ፍቃችሁ እንደገና ጀምሩ።
- ቀለሙ ጣሳው ውስጥ ሸተተ። ማያያዣ የተጨመረበትን ቀለም አታስቀምጡ። የሚቀመጠው የደረቀው ጭቃ ነው፤ ማያያዣው በዕለቱ ይጨመራል።
- ሦስቱም ቀለም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነ። አንድ ብሩሽና አንድ ውሃ ለሁሉም ተጠቅማችኋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ብሩሽ።
- ነጭ ብናኝ ወጣ። ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ከነካችሁት ተመልሶ ይወጣል።
- ብሩሽ የታጠበበት ውሃ ቦይ ውስጥ ተደፋ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ የከተማው ቦይ ወደዚያው ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው። ውሃውን ባልዲ ውስጥ አርጉት፣ የጠራውን አፈር ላይ ድፉ፣ ታች የቀረውን አድርቃችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት። ኮላ ያለበት ከሆነ ባልዲው ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተዉት፤ ተላጦ ይወጣል።